ለእናት የታሰበው ሚስክ

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ኔፓላዊ ለእረፍት አገሩ ሊሄድ ነው። «ሽቶ ቤት የምታየው ውሸት ነው፤ እኔ ዋናውን ሚስክ ከነከረጢቱ አመጣልሃለሁ» አለኝ። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ልወስድላት አስቤያለሁ። አንድ ፍሬ ነው፣ ለሽያጭም አይደለም። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ዛሬውኑ «እንዳታመጣ» ብለው ይጻፉለት። በቃል ብቻ አይንገሩት። ነገ እሱ ቢያዝና «አዝዞኝ ነው» ቢል፣ መልእክቱ ስልክዎ ላይ ይኑር።

ከረጢት ያሉት ሚስክ የሚባለው የሽቶ ቅመም የሚገኝበት የወንዱ የሚስክ አጋዘን እጢ ነው። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ያለ ፀጉራም ኳስ፤ የሚወጣው ሚስክ 25 ግራም ገደማ ነው። እንደኛ ዝባድ አይምሰልዎ። ጥርኝ ዝባዱ የሚጠረግለት ከነሕይወቱ ነው። የሂማላያ አዳኝ ግን ወጥመድ ይዘረጋል፤ ወጥመድ ደግሞ ወንድ ከሴት አይለይም። ሚስክ የሌላት እናትም፣ ግልገሏም እዚያው ታንቀው ይቀራሉ።

በኔፓል ሕግ እንስሳውን የገደለ ብቻ ሳይሆን ከረጢቱን ያስቀመጠ ወይም የሸጠም ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ጓደኛዎ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ለሽያጭ አይደለም» የሚለውን ብዙ ሰው ይለኛል። ስለ ዱር እንስሳት ንግድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ በአንቀጽ 7 ለግል ዕቃ ቀለል ያለ አሠራር አለው። የኔፓሉ ሚስክ አጋዘን ግን አባሪ 1 ላይ፣ ማለትም የመጥፋት አደጋ ያለባቸው እንስሳት በተመዘገቡበት ጥብቅ ዝርዝር ላይ ነው። የአባሪ 1 ዕቃን ከመኖሪያ አገሩ ውጭ አግኝቶ ወደ መኖሪያው የሚያስገባ ሰው በዚህ አይጠቀምም። ጓደኛዎ መኖሪያው ዱባይ ስለሆነ፣ እዚያ ሲገባ የሚይዘው ይኸው ነው። እርስዎም ቦሌ የሚደርሱት ከመነሻው ሕገ ወጥ የሆነ ዕቃ ይዘው ነው። ኤምሬትስም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናቸው፤ የስጦታ ወረቀት አያድንዎትም።

ውሸት ቢሆንስ? ገበያው በሐሰተኛ ከረጢት የተሞላ ነው። ግን ማሸጊያው ላይ «የአጋዘን ሚስክ» የሚል ከተጻፈበት፣ በስምምነቱ አሠራር እንደ እውነተኛው ይታያል። ተታለው ገንዘብ ከፍለው፣ እንደገና ጉምሩክ ፊት መቆም ማለት ነው።

ለእናትዎ «ነጭ ሚስክ» የሚባለውን ይግዙላቸው። የፋብሪካ ነው፤ አጋዘን የለበትም። ደረሰኙን ይያዙ። ክዳኑን ግን በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ልብስዎን ዓመት ሙሉ አይለቅም።