መልስ፦ ጣና ላይ የሚዋኝ ልጅ ሻምፒዮን መሆን ይችላል?

ወንድሜ፣ ባህር ዳር ያለው ታናሽህ ጣና ላይ ሲዋኝ የሚቀድመው እንደሌለ ጽፈህ፣ «ከትንሽ አገር ተነስቶ ሻምፒዮን የሆነ አለ ወይ?» ብለሃል። አለ እንጂ! በደቡብ አሜሪካ ያለችው ትንሽ አገር የሱሪናም ዋናተኛ አንቶኒ ኔስቲ።

በአውሮፓውያኑ 1988 በሴኡል ኦሎምፒክ፣ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ዋና አሜሪካዊውን ማት ቢዮንዲን ቀደመው። ልዩነቱ የሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ! 53.00 ለ53.01። ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር። በግል ውድድር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ዋናተኛም እሱ ነው። በ1991 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ነሐስ አገኘ። በኋላም አሰልጣኝ ሆኖ እነ አሜሪካዊቷን የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ኬቲ ሌዴኪን አሠልጥኗል።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ቢዮንዲ እስከ መጨረሻው ይመራ ነበር። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ግን እጁን ደግሞ ከመወርወር ይልቅ ተንሸራተተ። ኔስቲ በቀዘፋው ልክ ደርሶ ነካ። ይህ የሚለመደው ገንዳ ውስጥ ነው። ኔስቲም በወጣትነቱ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ሄዶ ሠልጥኗል። ጣና ትንፋሽና ጉልበት ይሰጣል፤ አነሳስንና መታጠፍን ግን አያስተምርም። ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ገንዳ ፈልግለት፣ ሰዓትም ያዝለት። ከሐይቅ ውሃ የሚይዘውን የቢልሃርዚያ በሽታ ምርመራም ያድርግ፤ በሽታው ጣና ላይ አለ።