«ጥብቅ ምሥጢር» የሚል ደብዳቤ እጄ ገብቷል፤ ላውጣው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ብዙ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ «ጥብቅ ምሥጢር» የሚል የመንግሥት ደብዳቤ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ሰው የሚጎዳበት ነገር አለው። ባወጣው ኃጢአት ይሆንብኛል? ዝም ብልስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመለጠፍህ በፊት መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል።

በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 12 ቅዱስ ሩፋኤል የንጉሥን ምሥጢር መሰወር መልካም እንደሆነ ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የኤፌሶንን ሰዎች የጨለማን ሥራ ግለጡት ይላቸዋል። ሁለቱ አይጣሉም። ሰው የሚጠበቅበት ምሥጢር አለ፤ ሰው የሚጠፋበትም አለ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23ን አንብበው። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል እህል ውኃ አንቀምስም ብለው ተማማሉ። የእኅቱ ልጅ ይህን ሰማ። ዝም አላለም፤ ገበያ ወጥቶም አልጮኸም። መጀመሪያ ለጳውሎስ፣ ቀጥሎ ሴራውን ማስቆም ለሚችለው ሻለቃ ነገረ። ሻለቃው እጁን ይዞ ገለል አደረገውና ለብቻው ሰማው። ሲያሰናብተውም ይህን እንደነገርከኝ ለማንም እንዳታወራ አለው። ይህቺን ቦታ ባነበብኳት ቁጥር ልቤን ትነካዋለች። ሴራው ተገለጠ፣ ልጁ ግን ተሸፈነ።

እንዲህ ሳይደረግ ሲቀር የሚመጣውን በአገራችን ሰው አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዊኪሊክስ የተባለው የምሥጢር ሰነድ አውጪ ድረ ገጽ ከ250 ሺህ በላይ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች መልእክቶችን የሰው ስም ሳይሸፍን ለቀቀ። አንዱ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ስም ነበረበት። ከመንግሥት ውስጥ ማን ነገረህ ተብሎ ተጠየቀ። በዚያው ጳጉሜን፣ እኛ የዐውደ ዓመት ዶሮ ስንገዛ፣ እሱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

ለአሜሪካ መንግሥት በጦርነት ጉዳይ ይሠራ የነበረውን ዳንኤል ኤልስበርግን ደግሞ እይ። እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ቬትናም ጦርነት በምሥጢር የተጻፈውን ጥናት ለጋዜጦች ሰጠ፤ መንግሥት ሕዝቡን ሲያታልል እንደኖረ የሚያሳይ ነበር። ጥናቱ 47 ጥራዝ ነው። ስለ ሰላም ድርድሩ የሚናገሩትን 4 ጥራዞች ግን ድርድሩን እንዳያበላሽ ብሎ ለጋዜጦቹ አልሰጠም። ኋላም ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

ወደ አንተ ልመለስ። ደብዳቤው እውነተኛ ነው? ዛሬ ማኅተምና ቲተር አስመስሎ መሥራት የደቂቃ ሥራ ነው። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሐሰት መስክረሃል፤ «ሼር ነው ያደረግኩት» ማለት አያድንህም። እውነት ከሆነ ጉዳቱን ማስቆም ወደሚችል አካል መውሰድ ይቀድማል። ሰሚ ከጠፋና ሰው መጎዳቱ ከቀጠለ ግን፣ ማውጣቱን ኃጢአት ነው አልልህም። ያን ጊዜ የሚያስጠይቅህ ዝምታህ ነው።

ስታወጣው የሾፌሩን፣ የጸሐፊዋን፣ የምስክሩን ስምና ስልክ ሸፍን። ግርጌ ላይ «ግልባጭ» የሚለውንም እይ። ለሦስት ሰው ብቻ የተላከ ከሆነ ወዳጅህ በአንድ ቀን ይታወቃል። እሱም ልጆች አሉት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውልለትና ይህን ንገረው፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር። እሱ ሳይፈቅድ አትንካው።