መሶቡ ስንት ኪሎ ነው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ ኤርፖርቱ እኛን ትንንሾቹን አምራቾች ይዞ ወደ ውጭ ገበያ ለምን አይወጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በቦሌ ካርጎ (የአየር ጭነት ክፍል) በትራንዚተርነት፣ ማለትም የሰው ዕቃ አስፈጽሞ በመላክ፣ የጨረስኩ ሰው ነኝና መልሱን ከአንድ መሶብ ልጀምር።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ወደ ዋሽንግተን የሚላኩ አሥር መሶቦች ይዘው መጡ። አንዱን ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 4 ኪሎ። በዚያው አስልቼ ሒሳቡን ነገርኳቸው። መጋዘን ሲገባ ግን ሜትር ተዘረጋ፤ ጎኑ 50 በ50፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር። ሲባዛ 150,000፣ በአየር ጭነት ስሌት ለ6,000 ሲካፈል 25 ኪሎ! በአየር ጭነት የሚከፈለው ከሚዛኑና ከዚህ የመጠን ኪሎ በሚበልጠው ነው። ሴትዮዋ መሶቡ ውስጥ ላለው ባዶ ቦታ ሊከፍሉ ሆነ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን በወሩ ተመልሰው ሲመጡ ክዳኑን ከአካሉ ለያይተው፣ ትንንሾቹን በትልልቆቹ ሆድ ከትተው ነበር። ሜትሩን ራሳቸው ይዘው ነው የመጡት።

ከኤርፖርት ጋር መሥራት የምለው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ኤርፖርቶቻችንና አየር መንገዱ በአንድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ ስለዚህ የምታንኳኩት በር አንድ ነው። ማቀዝቀዣ ክፍሉም አለ። አበባ አምራቾቹ ትልቅ ጭነት ስለሚያመጡ ይደመጣሉ፤ ለአንድ ካርቶን ጥብስ ቅጠል ግን ማን ይጨነቃል? አምስት ሆናችሁ አንድ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት ትልቅ ጠፍጣፋ መደብ) ሙሉና «በየሳምንቱ ማክሰኞ ይህን ያህል ኪሎ» በሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩቅ የሚበር አውሮፕላን እንደ ልቡ አይጭንም። ቦታ ያለው በየትኛው በረራ እንደሆነ የሚያውቁት የአየር መንገዱ የጭነት ሰዎች ናቸው፤ ጠይቋቸው። የ«ድጋፍ ይደረግልን» ደብዳቤ ግን እባካችሁ ይቅር፤ ስንቱን አንብቤአለሁ።

ደግሞ ውጭ አገር የሚጀምረው ተርሚናሉ ውስጥ ነው። ቦሌን አቋርጦ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ነው፤ ኪሱም የውጭ ምንዛሪ ይዟል። አንድ ወጣት ማሩን በግማሽ ኪሎ ማሰሮ አሽጎ እዚያ ለመሸጥ ሲለፋ አየሁት። ማር በፍተሻ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ መንገደኛው ሌላ አገር ላይ ሲሸጋገር በእጁ ከያዘው ሊወሰድበት ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ብልቃጥ አስመረጥኩት፤ 100 ሚሊ ሊትር ማር እኮ ወደ 140 ግራም ይመዝናል፣ ለስጦታ ያምራል።

ወዲያው ተሸጠ። ከገዙት አንዷ ተጨማሪ ፈልጋ ከአገሯ ልትደውል ሞክራ አልሆነላትም፤ ሌላ ጊዜ በቦሌ ስታልፍ ነው ለሻጩ የነገረችው። ብልቃጡን አንስቼ አየሁት፤ ቁጥሩ በ09 ይጀምራል፣ +251 የለበትም።