ቲማቲምሽ በርዶት ነው
ሞቃት አካባቢ ያሉት ቲማቲማቸው አብቧል፣ የኔ ገና አራት ቅጠል ላይ ቆሟል፣ ምን አጥፍቼ ነው ብለሻል። ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ቲማቲም የሚከተለው ሙቀትን ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ቀጥ ይላል። እስኪ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው። ከበታቹ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ፣ ብዙውን ጊዜ አፈሩ ቀዝቅዞ ሥሩ ፎስፈረስ የሚባለውን ንጥረ ነገር መሳብ አቅቶት ነው። ማዳበሪያ እንዳትጨምሪበት! ሲሞቅ ራሱ ያገግማል። ለጊዜው ማታ ማታ ቤት አስገቢው።

ስታወጪው ደግሞ በአንዴ ፀሐይ ላይ አታስጪው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ሥር፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመርሽ ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምጂው። እኔ አንዴ ቸኩዬ ቅጠሉ በአንድ ከሰዓት ነጭ ሆኖ ተቃጥሎብኛል፤ አሁንም ያንገበግበኛል። እስከዚያው ሰላጣና ካሮት ዝሪ፤ ቅዝቃዜ አይከብዳቸውም።