ስለ ነርስነት ጠይቁኝ፦ ዱሮና ዘንድሮ

አዳማ ውስጥ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ዋርድ ላይ ተማሪዎችን አለማምዳለሁ። "ሙያው ከዱሮው ምን ተቀየረ?" ለምትሉ፣ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ እነዚህን መልሻለሁ።

ሲስተር፣ በአገራችን ነርስነትን ማን ጀመረው?

መጀመሪያ የነበሩት ከውጭ የመጡ የሚሲዮንና የቀይ መስቀል ነርሶች ናቸው። ከእኛ ሰዎች ልዕልት ፀሐይን ሳላነሳ አላልፍም። የንጉሥ ልጅ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሆና በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። ያኔ የቤተ መንግሥት ልጅ የበሽተኛ ገላ ታጥባለች ብሎ ማን ያስባል? አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ፣ በ1934 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነርሶችን ለገጠሩ ሕዝብ ማሠልጠን ጀመረ።

አባቴ ድሬሰር ነበሩ። ከነርስ በምን ይለያሉ?

ሥልጠናቸው ከነርስ ያጠረ ነበር። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። ሐኪም በማይደርስበት ክሊኒክ ግን ሁሉም ነገር እሳቸው ነበሩ። አባትህ በሕይወት ካሉ ታሪካቸውን ቁጭ ብለህ ጻፍላቸው።

መርፌ ይቀቀል ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሲሪንጁ ብርጭቆ ነበር። ታጥቦ ይቀቀላል፣ ለሌላ ሰው ይውላል። መርፌው ሲደነዝ በድንጋይ ይሳላል። ዛሬ አንዴ ተወግቶበት ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ወደ ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን ይጣላል።

ድሮ ነርስ አልጋ ታነጥፍ፣ በሽተኛ ታጥብ ነበር። አሁን ዲግሪ ይዘው ወረቀት ላይ ብቻ ናቸው። አልተበላሸም? (ከፍራንኮ ሰፈር)

ቅሬታህን አልገፋም። ፊት የሚነሳ ነርስ አለ፤ ሕመምተኛን ቀና ብሎ ሳያዩ ካርድ ላይ መጻፍ ነውር ነው። ግን አንድ ነርስ ለስንት አልጋ እንደቆመች አንዴ ቆጥረህ እይ። ገላ ማጠቡ በአስታማሚ ላይ የወደቀው ባብዛኛው በዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ቦታ ነው። ዱሮ ነርስ የታዘዘችውን ትፈጽማለች፤ "ለምን?" ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ዛሬ ራሷ አይታ መወሰን አለባት። አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ሳል ይዞት ሲመጣ፣ ተማሪዬን ልብሱን ከፍ አድርጊና ደረቱን እዪ እላታለሁ። ልጁ ማልቀሱን እስኪተው ትጠብቃለች። ከዚያ ሰዓት ይዛ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ትጠረጥራለች። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወረፋ አይጠብቅም፣ ሐኪም ወዲያው ይጠራል። ሌሊት ተረኛው ሐኪም ሌላ ክፍል ሲሆን ያንን ልጅ የሚያተርፈው ይህ ቆጠራ ነው። ለእኔ ዲግሪው የሚለካው በዚህ ነው።

ወንድ ልጄ ነርሲንግ ደረሰው፤ ይቀይር ወይ?

በሴት ሙያነቱ ከሆነ አይቀይር፤ ከድሬሰሮቹ ዘመን ጀምሮ ወንዶች አሉበት። ደም ማየት የሚከብደው ከሆነ ይለመዳል። ሰው መንካት የሚጠላ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይቀይር። ከተማረ በኋላ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በአእምሮ ሕክምና፣ በኦፕሬሽን ክፍል ስፔሻላይዝ ማድረግ ይችላል።

ጤና ኤክስቴንሽንስ ነርስ ናቸው?

አይደሉም። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ ሥራቸው ቤት ለቤት መከላከል ላይ ያተኩራል። ክትባትና የእርግዝና ክትትል ካላችሁ መጀመሪያ እነሱን አናግሩ።