ፎርሙ ላይ ልጻፈው ወይስ ባዶ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምና ደም ለግሼ ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) እንዳለብኝ ተነገረኝ። እስካሁን ምንም አላመመኝም፣ መድኃኒትም አልጀመርኩም። አሁን መሥሪያ ቤታችን የጤና ኢንሹራንስ ሊገባልን ነው፤ ፎርሙ «የታወቀ ሕመም አለብዎ?» ይላል። ባልደረባዬ «የለም በል፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። ፎርሙ መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሆነው። ደግሞ እናቴ ወረታ ናት፤ ለእሷስ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አለብኝ» ብለህ ጻፍ። ባልደረባህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ምክሩ ግን ገደል ይከትሃል።

የኢንሹራንስ ውል ዛሬም የሚዳኘው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። አንቀጽ 668 አውቆ የደበቀን ሰው አይምርም፤ የተደበቀው ነገር ለኩባንያው ውሳኔ ክብደት ካለው ውሉ ፈራሽ ነው። ውሉ እንዳለ ነው የሚፈርሰው፣ የጉበቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ትርፍ አንጀት ይዞህ በሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል ብትደርስና ኩባንያው የአምናውን ውጤት ቢያገኘው፣ ከጉበትህ ጋር ምንም የማይገናኘውን የቀዶ ሕክምና ሒሳብ ራስህ ክፈል ሊልህ ይችላል። እውነቱን ከጻፍክ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያንን አንድ ሕመም ከሽፋኑ ማውጣት ወይም የመጠበቂያ ጊዜ (ለዚያ ሕመም ገና የማይከፈልበት ጊዜ) ማስቀመጥ ነው። ወባውም፣ ታይፎይዱም፣ አደጋውም ሽፋን ውስጥ ይቆዩልሃል። ለብቻህ ብትሄድ እምቢ ሊሉህም ይችሉ ነበር፤ ከሠራተኛው ጋር በቡድን መግባትህ ይጠቅምሃል።

የፈራኸው ኩባንያውን ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ፎርሙ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ሁሉም ሲያገላብጠው ይታየኛል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ወሬ ቶሎ ይዞራል። ስለዚህ በፖስታ አሽገህ በቀጥታ ለኩባንያው እንድታስረክብ ጠይቅ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ጋ ሂድ። የደም ባንኩ ውጤት የመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ ነው። ቫይረሱ ከ6 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ያም ሆኖ ጉበታቸው ደህና ሆኖ ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የጉበት ምርመራህና የቫይረሱ መጠን በወረቀት ከተያያዘ የኩባንያው ሐኪም የሚያየው የበሽታውን ስም ብቻ አይሆንም፣ ያለህበትን ሁኔታም ያያል። ባለቤትና ልጆች ካሉህ እነሱንም አስመርምር፤ ከቫይረሱ ነፃ ለሆኑት ክትባት አለ።

ኩባንያውን አንድ ነገር አጥብቀህ ጠይቅ፦ ሳይተኙ የሚታከሙትንና በየወሩ የሚገዛ መድኃኒትን ይሸፍናል ወይ? የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ከተጀመረ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ነው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለተኛ ብቻ የሚከፍል ኢንሹራንስ ለዚህ አይረባህም።

የእናትህ ነገር ይቀላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን «ምን አመመሽ?» ብሎ አይመልሳትም፤ አባል የሚሆነው ቤተሰቡ ነው። እንዲያውም ወረታ ያለችበት ፎገራ በ2003 ዓ.ም. ይህ መድን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። ቀበሌዋ ሄዳ የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ትጠይቅ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል፤ ያለ ሪፈር ከሄደች ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች።

አንተም ፎርሙን ዛሬ ከመሳቢያው አውጣው። ሞልተህ ከማስረከብህ በፊት ኮፒ አድርገህ ቤትህ አስቀምጥ።