የባሌ ስፐርም ካውንት (የስፐርም ብዛት) 9 ሚሊየን ነው፣ በተፈጥሮ ማርገዝ እችላለሁ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ የባልሽን ውጤት አየሁት፣ ካውንት በሚሊ ሊትር 9 ሚሊየን፣ ወደፊት የሚዋኘው 22 ፐርሰንት፣ ቅርፁ ደህና የሆነው 3 ፐርሰንት፣ አንዴ ተመርምሮ "በተፈጥሮ አይሆንም፣ አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርምን ከሰውነት ውጭ ማዳቀል) አስቡ" ተባልን ብለሻል። እኔም ከዚህ ያነሰ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዤ ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። በአንድ ውጤት በፍጹም እንዳትወስኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ መነሻ በሚሊ 16 ሚሊየን፣ ወደፊት የሚዋኝ 30 ፐርሰንት፣ ቅርፅ 4 ፐርሰንት ነው። ግን እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፣ ከነሱ ውስጥ 5 ፐርሰንቱ ከዚህ መስመር በታች ሆነው ነው አባት የሆኑት። ስለዚህ ዝቅ አለ ማለት ዕድሉ ቀነሰ፣ ጊዜ ይወስዳል ማለት እንጂ አለቀ ማለት አይደለም (ዜሮ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው)። ቅርፁ ላይ "97ቱ የተበላሸ ነው" ብለሽ ደንግጠሻል፣ ደህና የሚባለው ወንድም እኮ አብዛኛው ቅርፁ የተዛባ ነው።

እኔን ዩሮሎጂስቱ (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካል ሐኪም) መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቁጥሩ አልነበረም፣ "ባለፉት ሦስት ወራት ኃይለኛ ትኩሳት ነበረብህ?" አለኝ፣ ነበረብኝ፣ እስከዛ ማንም አልጠየቀኝም። ስፐርም ተሰርቶ ለመውጣት ከ70 ቀን በላይ ስለሚፈጅ የዛሬ ውጤት የሚያሳየው የዛን ጊዜ ሰውነትህን ነው በይው፣ ለዛ ነው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ድገም የሚሉት። ቀጥሎ አቁሞኝ፣ ትንፋሼን ይዤ እንዳምጥ አድርጎ በእጁ ዳሰሰኝና ቫሪኮሲል አገኘ፣ በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ ደም መላሽ ስሮች ማበጥ ማለት ነው፣ የሚታከም ነገር ነው፣ ወረቀት ላይ ግን አይታይም። ባልሽን በእጁ የመረመረው ሰው አለ? ካለ ሆርሞንም ታይቶለታል?

ምርመራውን ሲደግም ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳይወጣው ይቆይ፣ ናሙናው በሙሉ ይግባ፣ በተለይ የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ለላብራቶሪው ይናገር ምክንያቱም ብዙው ስፐርም ያለው እዛ ላይ ነው። ናሙናውን ቤት ሆኖ ካወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ፣ እኔ ኩባያዋን ብርድ እንዳይነካት ጃኬቴ ውስጥ ከሰውነቴ ጋር አጣብቄ ነው የወሰድኳት።

አንድ ነገር አደራ፣ ጂም የሚሰራ ከሆነ ቴስቶስትሮን እየተወጋ እንደሆነ ጠይቂው። ብዙ ወንዶች ወንድነት ይጨምራል ብለው ይወስዱታል፣ ከውጭ ሲገባ ግን አእምሮ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትዕዛዝ ያቆምና ስፐርሙን እስከ ዜሮ ሊያወርደው ይችላል። ሲጋራም ካለ ይተው።

እስከዛው ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ እንቁላል የሚለቀቅበትን ቀንና ከዛ በፊት ያሉትን 5 ቀናት በየቀኑ ወይ ቀን ዘላችሁ ተገናኙ፣ ማለስለሻ ቅባትና ምራቅ ስፐርሙን ስለሚያዳክም ተዉት።

የኛ ሁለተኛው ውጤት ተሻሻለ እንጂ ኖርማል አልገባም ነበር፣ ባለቤቴ ግን በተፈጥሮ አረገዘች። ለናንተም እንደዛ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም፣ ዕድሜሽን አልጻፍሽም፣ 35 ካለፈሽ ሦስቱን ወር ዝም ብለሽ አትጠብቂ፣ እሱ ሲደግም አንቺም የማህፀን ቱቦሽንና እንቁላልሽን ጎን ለጎን ተመርመሪ። ሁለተኛው ሲወጣ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።